ኤሊውና ተከራዩ

ኤሊው እንደገና ቀይ አበራ። የሶፍትዌር ፈታሿ ወንበሯን ወደኋላ ገፋ አድርጋ ጣሪያውን አየችና ለራሷ፣ «አሁን ደግሞ ይመጣል» አለች። አለቃዋን ማለቷ ነው። አላሳፈራትም፤ ስክሪኑ ላይ ያለውን አንብባ ሳትጨርስ ከጀርባዋ ቆሞ፣ «ተከራዩ ላይስ?» ሲል ጠየቃት።

«ተከራዩ ላይ አልፏል።»

«ታዲያ ይለፍ።»

ሰዉ ሁሉ ከጀርባው «ጋሽ ይለፍ» የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እንዲያውም የታመመ ባልደረባ ቤት ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ሥራ ላይ ግን ቀይ ነገር ማየት አይሆንለትም። ወደ አረንጓዴ የሚቀይርለት ካገኘ እንዴት እንደተቀየረ አይጠይቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። መሥሪያ ቤቱ ሳንባቸው ለደከመ ሰዎች እቤታቸው ኦክስጅን የሚሰጥ መሣሪያ ይሠራል፤ ቁመቱ ሻንጣ የሚያክል፣ ቀን ከሌት የሚያጉረመርም መሣሪያ። ውስጡ አንዲት ቺፕ አለች፤ ሁሉን የምታዘው እሷ ናት። ሶፍትዌሩ በተሻሻለ ቁጥር በየሰዉ ቤት ላለው መሣሪያ በኢንተርኔት ይላካል። ከመላኩ በፊት ግን መፈተን አለበት፤ የሚፈተንበት መንገድ ደግሞ ሁለት ነው። አንደኛው ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው ነው። ሶፍትዌሩ ትልቁ ሰርቨር ውስጥ አንድ ክፍል ይሰጠውና በራሱ በሰርቨሩ ፕሮሰሰር ይሠራል። በአከራዩ ማድ ቤት ገብቶ እንደሚያበስል ሰው ስለሆነ ተከራይ አሉት። ፈጣን ነው፤ ቁጭ ሳትል ይጨርሳል። ሁለተኛው ኢሙሌተር ነው። ይኼኛው የመሣሪያዋን ቺፕ ከነአመሏ፣ እያንዳንዷን ትእዛዝ እየተከተለ፣ በሶፍትዌር ያስመስላታል። ቀርፋፋ ነው። አንዱን ፈተና አስጀምሮ ምሳ የወጣ ሰው፣ በልቶ፣ ሰው አምቶ፣ ተመልሶ ሲመጣም ገና አላለቀም። ኤሊ ያሉት ለዚህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ምንም አይደል። ጉዱ የመጣው በኋላ ነው። ኤሊው ሥራ እያጓተተ ሲያስቸግር ጋሽ ይለፍ አንድ ደንብ አወጣ፤ ኤሊው ላይ የወደቀ ፈተና ሁሉ በራሱ ወደ ተከራዩ ሄዶ ይደገማል፣ እዚያ ካለፈ አለፈ ተብሎ ይመዘገባል። በሌላ አነጋገር ኤሊው «እሺ» ሲል ይታመናል፣ «እምቢ» ሲል ደግሞ ደክሞት ነው ይባላል። ቃሉ ከእኛ ጋር ሲስማማ ብቻ የሚታመን ከሆነ ለምን እንጠይቀዋለን፣ ለምንስ መብራት እናባክናለን ስትል ፈታሿ ምላሷ ፀጉር እስኪያበቅል ተናግራለች። የሚሰማት አላገኘችም። አዲስ የገቡት ልጆች ጭራሽ ደንቡን ከአባት ከእናት የወረሱት አድርገውታል።

«እባክዎ ዛሬ እንኳ ይስሙኝ» አለችው። «ይኼ የመዘግየት ነገር አይደለም። መብራት ሲጠፋ ወደ ባትሪ የሚያዞረው ክፍል ላይ ሲደርስ ይደርቃል። በቃ፣ ቀጥ ይላል። ማንቂያውም አይጮኽም። ማንቂያውን የሚያስጮኸው ራሱ የደረቀው ሶፍትዌር ነዋ።»

«ተከራዩ ላይ ግን ጮኋል።»

«የጮኸው የሰርቨሩ ፕሮሰሰር አዲስ ስለሆነ ነው። ዘራቸው አንድ ነው፣ አልካድኩም። ግን ይሄ የልጅ ልጅ ነው፣ አሮጌዎቹ መሣሪያዎች ውስጥ ያለችው አያትየዋ ናት። እኛ የባትሪውን ቁጥር ማኅደረ ትውስታው ላይ ስንጽፍ ከሣጥኑ አዛንፈን፣ ግማሹን ሚቀጥለው ሣጥን ውስጥ ነው ያስቀመጥነው። የልጅ ልጁ ግማሹን ከዚህ ግማሹን ከዚያ ለቃቅሞ ያነብና ዝም ብሎ ያልፋል። እሷ ግን የተዛነፈ ነገር አታነብም። ትቆማለች።»

«ቆይ እስቲ። ተከራዩ የሚሠራው በእውነተኛ ፕሮሰሰር ነው፣ አይደለም?»

«ነው፣ ግን...»

«ኤሊው ደግሞ ማስመሰል ነው። ታዲያ አንቺ እውነተኛውን ትተሽ ማስመሰያውን ነው የምታምኚው?»

ቆሽቷ አረረ። ይህን ጥያቄ በሰማች ቁጥር አንድ ነገር አንስታ መወርወር ያምራታል። እውነተኛ ነው፣ ማን ካደ። ግን የማን እውነተኛ? የሰዉ አልጋ አጠገብ የቆመው የሰርቨሩ ፕሮሰሰር አይደለም። ይህንን በሥዕል አስረድታለች፣ በብርጭቆና በማንኪያ አስረድታለች፣ አንዴ በንዴት በእጇና በእግሯ ጭምር አስረድታለች። ሁሉም አንገቱን ነቅንቆ፣ ገባኝ ብሎ፣ በማግሥቱ ያንኑ ይጠይቃታል።

ጋሽ ይለፍ እጁን ኪሱ ከተተ። «እሺ፣ አንድ እውነተኛ መሣሪያ ላይ ሲቆም አሳዪኝ። ያን ጊዜ እኔ ራሴ አስቆመዋለሁ። ካልሆነ ሰኞ ጠዋት ለሁሉም ይላካል።»

ለሰሚው ትክክለኛ ፍርድ ይመስላል። ችግሩ፣ ቢሮው ውስጥ ያሉት መሣሪያዎች ሁሉም አዲሶች ናቸው፤ አሮጌዎቹ መመረት ካቆሙ ዘመን አልፏቸዋል፣ ያሉትም በየበሽተኛው ቤት ነው። አንድ ብቻ መግቢያው አዳራሽ፣ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ለእይታ ተቀምጧል። እሱን ቁልፍ ተበድራ ከፍታው ነበር። ባዶ ነው። ለኤግዚቢሽን ሲያጓጉዙት ከበዳቸውና ሆድ ዕቃውን አውጥተው ጣሉት፤ እንግዶች አጠገቡ ቆመው ፎቶ የሚነሱት ከቅርፊት ጋር ነው።

ጋሽ ይለፍ ትንሽ ራመድ ካለ በኋላ ተመለሰ፤ ድምፁንም ዝቅ አደረገ። «የአባትሽ መሣሪያ ከአሮጌዎቹ ነው፣ አይደል? ካስፈራሽ የእሳቸውን ብቻ አስቀረዋለሁ። ማንም ማወቅ የለበትም።»

ከደግነቱ ነው። ከስድብ የባሰ ያቃጠላት ደግሞ ይኸው ደግነቱ ነበር። ከሁሉም በላይ ያናደዳት ግን ሌላ ነው፤ «እሺ» የምትለዋ ቃል አፏ ድረስ መጥታ ነበር። ከንፈሯን ነክሳ መለሰቻት። ሌሎቹም አልጋ ላይ የተኙት የሰው አባት፣ የሰው እናት ናቸው፤ ልዩነቱ ልጆቻቸው እዚህ ቢሮ አለመቀጠራቸው ብቻ ነው። ላፕቶፗን ሰብስባ ወጣች።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ አባቷ ቤት ደረሰች። ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። ሳንባው ቢደክምም አፉ አልደከመም፤ ቀጭኗን ቱቦ አፍንጫው ሥር አድርጎ፣ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ፣ በመንገዱ የሚያልፈውን ሾፌር ሁሉ ሲገመግም ይውላል። ልጁ ላፕቶፕና ኬብል ታቅፋ ስትገባ ከላይ እስከ ታች አያት።

«ምነው፣ ቢሮውን ተሸክመሽው መጣሽ?»

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልለምንህ ነው።» አጠገቡ ቁጭ ብላ ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው፤ ኤሊውን፣ ተከራዩን፣ ሰኞን።

እሱም እስከ መጨረሻው ሰማት። «እንግዲህ ከገባኝ፣ የመጣሽው መሣሪያዬን ልታበላሺ ነው።»

«መበላሸቱን ላሳይበት ነው።»

«አልተበላሸማ።»

«ዛሬ አልተበላሸም። ሰኞ ነው የሚበላሸው።»

«ታዲያ ሰኞ ይበላሽ። ምን አጣደፈሽ?»

«በሞቴ አባዬ፣ አንተም እንደ እሱ አትሁንብኝ» አለች፤ ድምጿ ሊሰበር ምንም አልቀረውም።

ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ፤ ሳሉ እስኪበርድለት ጀርባውን እያሸች ጠበቀች። ከዚያ በአገጩ ወደ በሩ ጥግ ጠቆማት። ለክፉ ቀን የተቀመጠው የኦክስጅን ሲሊንደር እዚያ ነው። «አምጪው እንግዲህ። በሕይወቴ አውቶቡስ እየሄደ ሞተር ቀይሬ አላውቅም፣ ዛሬ አየሁ።»

ሲሊንደሩን እየጎተተች አመጣችና ቱቦውን ከመሣሪያው ነቅላ እዚያ ሰካችለት። መክፈቻውን አዞረች፤ ንፋሱ እሽሽ አለ። የከንፈሩን መልክ አየች፣ ጥፍሩን አየች፣ ደግማ ከንፈሩን አየች። «ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ» አላት። እሷም የድሮውን ሶፍትዌር ኋላ ትመልሰው ዘንድ ላፕቶፗ ላይ አስቀመጠችና አዲሱን ጫነች። መሣሪያው አንዴ ጠፍቶ በራ፤ ትንሿ ስክሪን ላይ «ሁሉም ደህና ነው» የሚል ጽሑፍ ወጣ፤ የለመዱት ጉርምርምታም ቀጠለ። ፈታሿ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ሶኬቱን ያዘች።

«ልነቅለው ነው» አለች፤ ነቀለችው።

ጉርምርምታው ቆመ። ባትሪው ወዲያው መረከብ ነበረበት፤ አልተረከበም። ማንቂያው ጎረቤት እስኪሰማ መጮኽ ነበረበት፤ አልጮኸም። ቺፗና ስክሪኑ የራሳቸው ትንሽ ባትሪ አላቸውና ስክሪኑ «ሁሉም ደህና ነው» እንዳለ ቀረ። ትንሽ ጠበቀች። አሁንም ምንም የለም።

ከወለሉ ተስፈንጥራ ተነሳች። «አላልኩም? አልጮኸም እኮ። አየህ አባዬ፣ አልጮኸም።» እጇን አጨበጨበች። ጋሽ ይለፍ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳያት፣ እሷ ምን ብላ እንደምትጀምርለት፣ አዲሶቹ ልጆች እንዴት ዓይናቸውን እንደሚሰብሩ ሁሉ ታያት። እየሳቀች ወደ አባቷ ዞረች።

አባቷ አይስቅም። በአንድ እጁ ሲሊንደሩን ግጥም አድርጎ ይዟል። ዓይኑ ጸጥ ካለው መሣሪያ ላይ አልተነቀለም።

«ደስ አለሽ» አላት። እየጠየቃት አልነበረም።

ደስ ብሏት ነበር፤ ምን ብላ ትካደው። ታክሲ ውስጥ ሆና ስትመጣ የፈራችው ባይቆምስ ብላ ነው። አባቷ የሚተነፍስበት መሣሪያ ባይቆምስ ብላ መንገዱን ሙሉ ስትጨነቅ ነው የመጣችው። አሁን ገና የራሷን ሐሳብ ሰማችው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ፊቷ በእፍረት ጋለ።

«ተኝቼ ቢሆን ኖሮ» አለ አባቷ በዝግታ፣ «መቆሙን በምን አውቅ ነበር?»

«አታውቅም ነበር።»

ውጭ አንድ አውቶቡስ ጡሩምባውን እያስጮኸ አለፈ፤ አባቷ ቀና ብሎ እንኳ አላየውም።

«ለአለቃሽ ደውዪ።»

«እኔ እነግረዋለሁ፣ አባዬ።»

«አንቺማ ስትነግሪው ከርመሻል። ደውዪና ወዲህ ስጪኝ።»

ደወለችና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ለአባቷ ሰጠችው። ጋሽ ይለፍ ያለበት ቦታ ልጆች ይንጫጫሉ። «እንዴ፣ ቅዳሜን እንኳ አታሳርፊኝም?» አለ።

«አባቷ ነኝ።»

«አባባ፣» ድምፁ ወዲያው ተለወጠ፤ «ይቅርታ፣ እሷ መስላኝ ነው። እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው?»

«ደህና ነኝ። አንድ ነገር ላሰማህ ፈልጌ ነው። ልጆቹን እስቲ ዝም አሰኝልኝ።»

በር ሲዘጋ ተሰማ፤ ጫጫታውም ራቀ። አባቷ ከወንበሩ ጎንበስ ብሎ ስልኩን ጸጥ ያለው መሣሪያ ላይ አስጠጋው፤ እንደዚያው ይዞት ቆየ። ልታግዘው ስትነሳ በዓይኑ ከለከላት።

«አባባ?» አለ ጋሽ ይለፍ። «አባባ፣ ምንም አይሰማኝም።»

ሽማግሌው ቀና ብሎ ትንፋሹን ሰበሰበና ስልኩን ወደ አፉ አቀረበ።

«እኔም አልሰማሁም» አለው።