መርዶ ነጋሪው ከንቲባ

መጀመሪያ የተናደድኩት በፈረንሳዮች ነው። የባሌ ተራ የደረሰው በኋላ ነው።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰን፣ ካልጋሪ ከተማ፣ ዶቨር ሰፈር ባለው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ልጄ ኑሃሚን የትምህርት ቤት ሥራዋን ልታሰማኝ አጠገቤ ተቀመጠች። ስለ ጀርመንና ፈረንሳይ ጦርነት ነው፤ በፈረንጆቹ 1914 ስለነበሩት የመጀመሪያዎቹ ወራት። እኔ ደግሞ የራሴ ጦርነት አለብኝ። ታናሽ ወንድሜ በድሉ ወታደር ነው። በግንቦት ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ግንባር ሄደ፤ ይኸው ጥቅምት ገባ፣ ድምፁን አልሰማሁም። ባሌን ገብረመድኅንን በጠየቅኩት ቁጥር «ደህና ነው፣ ግንባር ስልክ የለም» ይለኛል።

«ማሚ፣ ፈረንሳዮቹ ላይክ፣ ቀይ ሱሪ ነው የለበሱት» አለች ኑሃሚን። «ጀርመኖቹ ደግሞ ማሽን ገን አላቸው።»

«መትረየስ ፊት ቀይ ሱሪ?»

«ኦገስት ትዌንቲ ቱ፣ በአንድ ቀን ብቻ ሃያ ሰባት ሺህ ፈረንሳዮች ሞቱ።»

ያንን ሱሪ ያለበሳቸውን ሰው ባገኘው በጥፊ አጮለው ነበር። እናት አምጣ የወለደችውን ልጅ፣ ከሩቅ እንዲታይ ቀይ አልብሰው ይሰዱታል?

«ለእናቶቻቸው ማን ነገራቸው?»

«የመንደሩ ሜየር፣ ከንቲባው። ቤት ለቤት ሄዶ ያንኳኳል። ግን ቶሎ አይደለም። ጋዜጣው ስንት ሰው እንደሞተ አይጽፍም። ብዙ ፋሚሊ ለወራት አላወቁም። ለሞተ ልጃቸው ሌተር ይልኩ ነበር።»

ደሜ ፈላ። «እያወቁ ደበቁ? ልጇ አፈር ገብቶ እናቱ ደብዳቤ ትጻፍ? አረመኔዎች። እኛ እንኳ ስንት ችግር እያለብን፣ ማለዳ ተሰብስበን ሄደን፣ ደግፈን ይዘን ነው የምናረዳው።»

ኑሃሚን ወረቀቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው።

«ማሚ፣ አይ ካንት» አለች። «አንክል በድሉ ሞቷል። ጁን ላይ። ዳዲ እንዳልናገር ፕሮሚስ አስደረገኝ።»

ገብረመድኅን መኪናውን ፓርክ አድርጎ ገብቶ በሩ ላይ ቆሟል። ልጅቷ ላይ አፈጠጠባት።

«እሷን አትይ፣ እኔን እይ» አልኩት።

«ፀሐይነሽ፣ ሽማግሌዎቹ፣ እነጋሼ አምላኩ ናቸው የወሰኑት። መጀመሪያ የጓደኛሽ የመሲ ሠርግ ይለፍ አሉ። ከዚያ እንቁጣጣሽ ይለፍ፣ ከዚያ መስቀል ይለፍ። ደም ግፊትም አለብሽ። የፊታችን ቅዳሜ ማለዳ ሊነግሩሽ ነበር።»

የካልጋሪ አበሻ ሁሉ ያውቃል ማለት ነው። ዛሬ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እየሳሙኝ «በድሉን እግዜር ይጠብቀው» ሲሉኝ ያውቁ ነበር። እኔም አሜን እያልኩ፣ ስሙን በሕይወት ካሉት ጋር እያስጠራሁ ከረምኩ። አላለቀስኩም። ንዴቱ እንባዬን ዘጋው።

«አርባው መቼ ነበር?» አልኩት። በአርባኛው ቀን ፍትሐት ሲደረግ፣ የሥጋ ዘመድ ካልቆመለት ማን ይቆምለታል?

«ጁላይ መጨረሻ» አለ፣ ወለሉን እያየ።

«እኔ የዚያን ቀን የት ነበርኩ?»

ኑሃሚን ናት የነገረችኝ። «ቸስተርሚር ሐይቅ ጋ። የመሲ ሠርግ ላይ።»

ሐይቁ ዳር፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ እስክስታ ስወርድ ነበር። ገብረመድኅን የቪዲዮ ካሜራውን ትከሻው ላይ ተሸክሞ ፊት ለፊቴ ቆሟል። «አልያዘልኝም ፀሐይዬ፣ እስቲ ድገሚው» አለኝ። ደገምኩለት።