እንዳልሽው ይሁን

አራሚውን የጎዳው ኩራቱ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ስህተት ሲለቅም የኖረ ሰው፣ ማተሚያ ቤቱ የኮምፒውተሩን ሲስተም ከለመደው ዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ሲቀይርበት «አልገባኝም» ይበል? ቢሞት አይላትም!

ታላቅ እህቱ ዓይኗ ደክሞ መጻፍ ስለተወች፣ ድምፅዋን ቀድታ በኢሜይል ትልክለታለች። እሱ ፋይሉን ሲጫነው የጽሑፍ መክፈቻው ዘው ብሎ ይመጣና ስክሪኑን ሊታረም በማይችል የፊደል ግርግር ይሞላዋል። ሦስት ወር ሙሉ አንዷንም አልሰማም። እንዳይደውልላት ውሸቱ እንዳይወጣበት ይፈራል። ታዲያ መልእክት በመጣ ቁጥር፣ «እትዬ፣ ሰምቼዋለሁ፤ እንዳልሽው ይሁን» ብሎ ይጽፋል፤ ልጇ ታነብላታለች። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ማለት ይሄ ነው።

ዛሬ የኮምፒውተር ጠጋኟ ለፕሪንተሩ መጥታ ስክሪኑን አየችው።

«ጋሼ፣ ድምፅ በጽሑፍ መክፈቻ? ሬዲዮ በመነጽር እንደማዳመጥ እኮ ነው!» ብላ ሳቀችበት።

ፋይሉን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ተጫነችና ከዝርዝሩ የሙዚቃ ማጫወቻውን መርጣ፣ «ሁልጊዜ በዚህ ክፈት» የሚለው ላይ ምልክት አደረገች። ደቂቃም አልፈጀባት።

አራሚው ከመጀመሪያው መልእክት ጀመረ።

«ወንድምዬ፣ ሐኪሙ ግራ ዓይንሽ ይውጣ አለኝ። ሌላኛው ሐኪም ደግሞ በመድኃኒት እንሞክር ይላል። እኔ መወሰን አቃተኝ፤ አንተ የተማርከው ንገረኝ።»

ክው አለ። ቀጣዩን ከፈተ።

«እንዳልሽው ማለትህ፣ ይውጣ ማለትህ ነው? ካልሆነ ቶሎ በለኝ።»

ለዚህም ምን ብሎ እንደመለሰ ያውቃል። የመጨረሻው የዛሬ ጠዋት ነበር።

«በአራት ሰዓት ኦፕራሲዮን እገባለሁ። አንተ ይሁን ካልክ አልፈራም።»

የግድግዳው ሰዓት ሰባት ይላል። «ወይኔ! ወይኔ ጉዴ!» ሲል ጠጋኟ ደንግጣ ወንበር ሳበችለት። እሱ ግን እንደቆመ ደወለ።

ያነሳችው ራሷ ናት፤ ድምፅዋ ገና ከማደንዘዣው አልነቃም።

«እትዬ... አልሰማሁሽም ነበር። መክፈት አቅቶኝ ነው።»

«የቱን?»

«ሁሉንም።»

«ሌላኛው ሐኪም እኮ ዛሬ ጠዋት ድረስ እየደወለ ይለምነኝ ነበር» አለች። «ወንድሜ ወስኗል አልኩት።»