አሉላ ተገናኝቷል

ተኽላይ የስልኩን ኢንተርኔት ለእጮኛው ባጋራ ቁጥር ስክሪኑ ላይ አንዲት መስመር ብቅ ትላለች፦ «አሉላ ተገናኝቷል»።

የተገናኘው ሰው እንዳልሆነ ያውቃል። የተገናኘው የመርሃዊት ላፕቶፕ ነው። ከዓመታት በፊት የሸጠላት አብሮ አደጓ አሉላ ስለሆነ ስሙ ማሽኑ ላይ ቀርቷል፤ እሷም ልቀይረው ብላ አስባ አታውቅም። «ስም ነው በቃ፣ ምን አደረገህ?» ትለዋለች። ምንም አላደረገውም። ብቻ እሷ ሥራ ስትጀምር፣ ፊልም ስትከፍት፣ ራሷን ትከሻው ላይ አሳርፋ ሳለች እንኳ፣ አሉላ ይገናኛል።

ተኽላይ የዕድሜውን እኩሌታ ሆላንድ ነው የኖረው። የውሃ ምህንድስና ተምሮ ተመለሰና ኡራኤል አካባቢ አንድ ቢሮ ተቀጠረ። መመለሱን ግን እስካሁን ራሱም አላመነም፤ ሻንጣው ከአልጋው ሥር ግማሽ በግማሽ እንደተሞላ ነው። መርሃዊትን ያገኛት በመጣ በወሩ ነበር። አሉላ ግን ከእሷ ጋር አንድ ቧንቧ እየተጋፋ፣ አንድ ግድግዳ ላይ ኳስ እየለጋ ነው ያደገው። ያ የካዛንቺስ ግቢ ደግሞ አሁን የለም። ቢኖር ሄዶ ያየው፣ «ይሄ ነው እንዴ?» ብሎ ያናንቀው ነበር። የፈረሰን ግቢ ግን ማን ያናንቀዋል? ሁለቱ ባወሩለት ቁጥር እየሰፋና እየደመቀ ሄደ።

ከሁሉ የሚቆጨው ደግሞ ግቢው የተነሳበት ቀን ነው። «ወሩ በገባ በአስር እንነሳለን፣ እንዳትቀር» ብላው ነበር። እሱ አስርን በለመደው በፈረንጅ አቆጣጠር መዘገበ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ባዶ ካርቶን ተሸክሞ ሲደርስ በሩ ቀርቶ ግድግዳውም አልነበረም። ቁም ሳጥኑን ማን አወረደው? አሉላ። እናቷን አደይ መብርሂትን ጋቢና ደግፎ ያስቀመጣቸው ማን ነው? አሉላ። መርሃዊት ስለዚያ ቀን ምንም ብላው አታውቅም፤ አለመውቀሷ ከወቀሳ ባሰበት። ከዚያ ወዲያ ስልኩን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አደረገው። የቀን መቁጠሪያውንም፣ ሰዓቱንም። ሁለተኛ በቀን ላይሸነፍ ለራሱ ምሎ ነበር።

ያ ረቡዕ ጠዋት ታዲያ ከቢሮው ፈቃድ ወስዶ፣ እናትና ልጅ ቂርቆስ ቤተክርስቲያን ጀርባ የተከራዩት ቤት ውስጥ ላፕቶፑ ፊት ተቀምጧል። መርሃዊት አርክቴክት ናት። ከምሳ በኋላ ናይሮቢ ላሉ የሆቴል ባለቤቶች ንድፏን በኢንተርኔት ልታቀርብ ነው። ከወደዱት ከአለቃዋ ተላቃ የራሷን ቢሮ ትከፍታለች። ላፕቶፑ ግን ሰሞኑን አንድ ፋይል ለመክፈት ሻይ አፍልቶ የሚያስጠጣ ሆኗል።

«አሉላን ልጥራው፤ ባሕርዩን ያውቀዋል» አለች።

«እኔ እዚህ ለጌጥ ነው የተቀመጥኩት?»

«ተክሌ፣ አንተ የተማርከው እኮ ውሃ ነው።»

«የውሃ ሰው ኮምፒውተር አይነካም ያለሽ ማን ነው? ይሄ ጥገና አይበቃውም። ፋይልሽን እናወጣለን፣ ዲስኩን ጠርገን ዊንዶውሱን እንደ አዲስ እንጭናለን። ከመሠረቱ። የድሮው ነገር አንድም አይቀርም።»

የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ሲናገር ድምፁ ውስጥ የነበረውን ደስታ እሷ ሰምታው ይሆን? አየት አድርጋው «እሺ፣ ከምሳ በፊት ግን» ብቻ አለች።

ፋይሎቿን በሙሉ ወደ ውጭ ዲስክ ገለበጠ። ጀርባውን ፈትቶ ባትሪዎቹን ነቀለ፤ አቧራውን በብሩሽ እያራገፈ የሌላ ሰው የእጅ አሻራ ጭምር የሚያራግፍ መሰለው። መልሶ ገጥሞ ሲያበራው ማሽኑ ከረጅም እንቅልፍ እንደነቃ ሰው ቀኑን ጠየቀው። ተኽላይ ከስልኩ እያየ ሞላለት። ከዚያ ፍላሹን ሰክቶ ዲስኩን «አጥፋ» አለው። እርግጠኛ ነህ ወይ ሲለው እርግጠኛ ነበር፤ አገሩ ከገባ ጀምሮ እንዲህ እርግጠኛ ሆኖ አያውቅም።

ጭነቱ አለቀ። ማሽኑ ስም ሲጠይቅ «መርሃዊት» ብሎ ጻፈ። የስልኩን ኢንተርኔት ሲከፍትለት ስክሪኑ ላይ «መርሃዊት ተገናኝቷል» የሚል መጣ። ደጋግሞ አነበበው።

ደስታው ግን ሻይ እስኪቀርብ አልቆየም። መልሶ የጫነው የንድፍ መሥሪያ ፕሮግራም «ፈቃድዎን ማረጋገጥ አልተቻለም» ብሎ አልከፈት አለ። ኢሜይሏ አልገባ አለ። የትኛውንም ድረ ገጽ ቢሞክር «ግንኙነቱ አስተማማኝ አይደለም፤ ሰዓትዎ ወደ ኋላ ቀርቷል» ይላል። ተኽላይ የላፕቶፑን ሰዓት ከስልኩ አስተያየ። አንድ ነው። ቀኑን አስተያየ። ዘጠኝ፣ ዘጠኝ። ዓመቱንም አየ። አንድ ነው።

«ይዋሻል» አለ።

«ማን?»

«ማሽኑ።»

አጥፍቶ አበራው። የስልኩን ኢንተርኔት ትቶ በአደይ መብርሂት ስልክ ሞከረ። ያው ነው። አደይ መብርሂት ከወንበራቸው ሆነው «ወደይ፣ ልጄ፣ ይሄ ነገር ጠበል አያስፈልገውም?» አሉት። አልሳቀም። ሁሉን ጠርጓል፤ ታዲያ ምን ቀረ? ከዲስኩ በታች፣ ሰው በማያየው ቦታ፣ እሷ ሁልጊዜ እንድትደውልለት አንድ ሰው ያስቀመጠው ነገር ይኖር ይሆን? ሐሳቡ አንዴ ከመጣ በኋላ የሚያወጣው አጣ።

«መርሃዊት፣ ይሄን ላፕቶፕ የሆነ ሰው ቆልፎታል።»

«የሆነ ሰው ማለት?»

«የሸጠልሽ ሰውዬ።»

ትክ ብላ አየችው። ከዚያ ስልኳን አንስታ ደወለችና ድምፁን ከፍ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«የግቢዋ ልጅ!» አለ የአሉላ ድምፅ፣ ከኋላው የሜክሲኮ ታክሲ ረዳቶች እየጮኹ። «ዛሬ ደግሞ ምን ተሰበረ?»

ሲሰበርባት የምትደውለው ለእሱ ነው ማለት ነው። ተኽላይ ይህንንም መዘገበ።

«ራስህ ንገረው» አለችው መርሃዊት።

«አሉላ፣ ተኽላይ ነኝ። ላፕቶፑን እንደ አዲስ ጭኜው ነበር፣ ግን አልሠራ አለ። ማለቴ… ስትሸጥላት የተውክበት ቁልፍ ካለ አሁን ብትነግረን።»

«የምን ቁልፍ?»

«አንተ ታውቃለህ።»

«ወንድሜ» አለ አሉላ፣ «እኔ የማውቀው ቁልፍ የግቢያችንን በር ነው፤ እሱም ከነ በሩ ሄዷል። መሪ፣ ስብሰባሽ ዛሬ አይደል? የኔን ላፕቶፕ ይዤ ልምጣ፤ ቅርብ ነኝ።» ስልኩ ተዘጋ።

ተሳድቦ ቢሆን ይሻል ነበር።

መርሃዊት አልጮኸችም። ከስልኳ የስብሰባውን ግብዣ ፈልጋ አወጣች። «ለማንኛውም ካልደረሰ እንዲያዘገዩልኝ ልጻፍላቸው» አለችና ለራሷ እያነበበች መተየብ ጀመረች። «ዌንስደይ፣ ማርች ኤይቲን፣ ትዌንቲ ትዌንቲ ሲክስ…»

ተኽላይ ወደ ላፕቶፑ ጥግ ዞረ። ሰባተኛ ወር፣ ዘጠነኛ ቀን፣ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት። መጋቢት ዘጠኝ። ጠዋት ማሽኑ ቀን ሲጠይቀው ከስልኩ ላይ የሀበሻውን ቀን አንብቦ ሞልቶለታል። ማሽኑ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመልሶ ተቀምጧል፤ የዛሬ ዓለም የሚያሳየውን መታወቂያ ሁሉ «ገና አልተወለደም» እያለ ይመልሳል። ከስልኩ ጋር ሲያስተያየውማ ለምን አይገጥም? ሁለቱንም ያሳሳታቸው እሱ ነው።

እሷ አሁንም ትተይባለች። ቀኑን አስተካከለ። ኢሜይሉ ገባ። ፕሮግራሙ ተከፈተ፤ ሆቴሉ ከነ በረንዳው ስክሪኑን ሞላው።

«ውይ!» ብላ ብድግ አለች። «ምን ነበር?»

መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር። *የቆለፈውን አገኘሁት፣ አጠፋሁት።* ማንም አያውቅበትም። አሉላ ይምላል ይገዘታል፣ እሷ ግን ጥርጣሬዋን ይዛ ትቀራለች፤ ከዛሬ ጀምሮ የሆነ ነገር ሲሰበርባት ስልኳን ከማንሳቷ በፊት ታመነታለች። ተኽላይ የሚፈልገው ይኸው አልነበረም? ፊቷን አየው። እስካሁን አልጠረጠረችም፤ መልሱን ትጠብቃለች።

«ቀኑን በሀበሻ ሞልቼበት ነው» አለ። «ቁልፍ የለም። አልነበረም።»

አደይ መብርሂት በነጠላቸው አፋቸውን ሸፈኑ። መርሃዊት አልሳቀችም። «ያን ጊዜ ፈረንጅ ሆነህ፣ አሁን ሀበሻ ሆነህ» አለች። ላፕቶፑን ከፊቱ አንስታ ወደ መኝታ ቤት ስትገባ በሩ ላይ ቆመች። «ሲመጣ አንተው ንገረው። እኔ አልነግርልህም።»

አሉላ ደረጃውን ወጥቶ ሲደርስ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል፤ ላፕቶፑን እንደ ሕፃን አቅፎታል። ከመኝታ ቤቱ የመርሃዊት እንግሊዝኛ ይሰማል። ተኽላይ በሩ ላይ እንደቆመ ነገረው፤ ቀኑንም፣ ይቅርታውንም፣ ባንድ ትንፋሽ።

አሉላ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ግድግዳውን ይዞ ሳቀ፣ እንባው እስኪመጣ። «በጣም ሀበሻ ሆንክበት እኮ!»

«ቀስ፣ ስብሰባ ላይ ናት» አሉ አደይ መብርሂት። ለሁለቱም ሻይ ቀዱላቸው። ሁለቱ ሰዎች አንድ ሶፋ ላይ፣ መሀላቸው ሥራ ያጣው ላፕቶፕ፣ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ያን ቀንም በቀን ስህተት ነው አሉ የቀረኸው» አለ አሉላ፣ አሁን ሳይስቅ። «የተነሳን ቀን።»

«አዎ።»

«ሳትነግርህ አትቀርም መቼም። ሹፌሩ ‹እሄዳለሁ› እያለ ይጮኻል፣ ዕቃው ሁሉ ተጭኗል፣ እሷ በሩን ይዛ ‹ተክሌ ይመጣል› ትላለች። ‹ካርቶን አመጣለሁ ብሎኛል።› ማን ይናገራት! እስኪመሽ ገተረችን። እማማ ጋቢና ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳቸው። በመጨረሻ ክንዷን ይዤ ነው ያስወጣኋት።»

ተኽላይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ይህን ማንም ነግሮት አያውቅም። ደስ አለው፤ በእርግጥም ደስ አለው፤ ከአልጋው ሥር ያለው ሻንጣ እንኳ ትዝ አላለውም። ግን ደስታው ገና ሳይረጋ ያቺ የታወቀችው ነገር ከሥሩ ብቅ አለች። መርሃዊት እሱን ስትጠብቅ ፊቷ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው አለ። እሱም አሉላ ነው።

አሉላ ሻዩን ያማስላል።

«ምን ለብሳ ነበር?» አለው ተኽላይ።