ደረጃውና የተሰረቁት የፖስታ ሳጥኖች

«ለመሆኑ የፖስታ ሳጥን እንደነበረዎት እርግጠኛ ነዎት፣ የኔ እናት?»

ኖሊን ማክስኪሚንግ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና አፍጥጣ አየችው። ከከተማው ምክር ቤት የምርጫ ክፍል የምታነጋግራት ልጅ ድምጿ ማር የተቀባ ነው፤ ለሕፃን ማንኪያ እንደሚያቀርብ ሰው።

«እኔ አንቺን አልወለድኩሽም» አለቻት። «ሳጥኑን የሠራው ባሌ አሌክ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ጀልባ ነው የሚመስለው፣ ቀይ ጭስ ማውጫ አለው። ነቅለው ወሰዱብኝ። በፖስታ የላካችሁልኝ የድምፅ መስጫ ወረቀቴም አብሮት ሄደ።»

«ምናልባት ቤት ውስጥ የሆነ ቦታ አስቀምጠው ረስተውት ይሆን?»

«የፖስታ ሳጥን? ከነምሰሶው?»

«ግድ የለም፣ አይጨነቁ። ቢሮ ከመጡ ምትክ ወረቀት እንሰጥዎታለን። ብቻዎን እንዳይቸገሩ ግን ሰው ይዘው ይምጡ።»

ሰው ይዘሽ ነይ! ኖሊን ጡት ሳታወጣ ከትምህርት ቤት ወጥታ ቄራ የገባች፣ ከወንድ እኩል ቢላ ስላ በግ ስትገፍ ያረጀች ሴት ናት። በፊደል ብዙ አልገፋችም፤ የሚንቃትን ሰው ግን ገና ጉሮሮውን ሲጠርግ ታውቀዋለች። ስልኩን ዘጋችው፤ እንደ በር አድርጋ።

ነገሩ የማሟያ ምርጫ ነው። የሰፈሩ የምክር ቤት አባል ፀሐይ ናፈቀኝ ብሎ ወደ ሞቃቱ ኩዊንስላንድ ሄደና ወንበሩ ባዶ ቀረ። ለወንበሩ ሁለት ሰዎች ቀረቡ። ኔቪል ታውተን የሚባለው፣ ለተማሪ የሚከራዩ የሻገቱ ቤቶች ያሉት፣ «ያ ያረጀ ደረጃ ገንዘብ ይበላል፣ ይዘጋ» ይላል። ሲና የምትባለው የሳሞአ ልጅ፣ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ፣ «ይጠገን» ትላለች።

ደረጃው ከኖሊን አጥር ሥር ተነስቶ ቀጥ ብሎ ወደ ሱቁና ወደ ሐኪሙ ይወርዳል። እሱ ከተዘጋ ያለው መንገድ ዳገቱን ዞሮ የሚሄደው ነው፤ ክረምት ሲመጣ በረዶው ፍየል የሚያንሸራትት። ልጇ ግሬም ደግሞ በየእሁዱ ከሚኖርበት ከተማ ከኢንቨርካርጊል ይደውላል። «እማዬ፣ ደረጃው ከተዘጋማ አለቀ። እዚህ አረጋውያን መጦሪያ አንድ ክፍል አይቼልሻለሁ፣ ይሞቃል።» ኖሊን መጦሪያውን አይታዋለች። ዱባ ፈጭተው ያጎርሳሉ፣ ሁሉንም ሰው «የኔ እናት» ይላሉ። ለእሷ ምርጫው የኔቪልና የሲና አልነበረም። በገዛ አልጋዋ ትሙት ወይስ በተፈጨ ዱባ መሀል፣ እሱ ነበር።

ከእሷ በቀር መንገዱ ላይ ያለው ሁሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ቤቶቻቸውን እንደ ውሻ ስም አውጥተውላቸው ሰሌዳ ለጥፈውባቸዋል፤ ሶፋቸውን ጣሪያ ላይ ያወጣሉ፤ ሲከፋቸው ያቃጥሉታል። በዚያው ሰሞን ለሲና የምትቀሰቅስ ብራየር የምትባል ተማሪ በየቤቱ ስታንኳኳ የኖሊንን በር ዘላ አለፈች።

«አንቺ ልጅ! ቤት ዘለልሽ!» አለች ኖሊን ከመስኮት።

«ይቅርታ ወይዘሮ ኖሊን… አረጋውያን ለኔቪል ነው የሚመርጡት፣ ጊዜያችሁን አታጥፉ ተብለን ነው።»

«አረጋውያን! ጉልበቴን ጠይቂው ለማን እንደሚመርጥ። ይልቅ ጓደኞችሽ መርጠዋል?»

ብራየር ትከሻዋ ወደቀ። «አንዳቸውም ወረቀት ደረሰኝ አላሉም። ግድ የላቸውም መሰለኝ።»

የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ ነበር፤ ኮሮጆው ቀትር ላይ ይዘጋል። በዚያ መንገድ ደግሞ የቅዳሜን ቀትር አይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ኖሊን ካፖርቷን ደርባ፣ ማንንም ሳትይዝ፣ ምትክ ወረቀቷን ልትቀበል ደረጃውን መውረድ ጀመረች። መሀል ላይ ትንፋሽ ልትሰበስብ ስትቆም ዓይኗ «የሰመጠው ፍየል» በሚባለው የተማሪዎች ቤት መስኮት ገባ። ቀይ ጭስ ማውጫ አየች።

በሩን በጡጫ ደበደበችው።

«ማነው በሌሊት?»

«ባለ ጀልባዋ!»

የከፈተው ላኪ ይባላል፣ የጥርስ ሕክምና ተማሪ ነው። ብርድ ልብስ ተከናንቧል፤ ከብርድ ልብሱ ሥር ስላለው ባናወራ ይሻላል። ኖሊን ገፍታው ገባች። የመንገዱ የፖስታ ሳጥን በሙሉ፣ የቆርቆሮው፣ የእንጨቱ፣ የተጣመመው፣ እንደ አዳኝ ቤት ቀንድ ግድግዳ ሙሉ ተሰቅሏል። የአሌክ ጀልባ መሀል ላይ ተጎልቷል።

«ወግ ነው፣ ወይዘሮ ኖሊን» አለ ላኪ ዓይኑን እያሸ። «ፍየል ቤት የገባ ሁሉ በየዓመቱ የመንገዱን ሳጥን መልቀም አለበት። ፈተና ሲያልቅ እንመልሳለን።»

«ውስጣቸው ያለውንስ?»

ላኪ ከልቡ ተቀየመ። «የሰው ደብዳቤ? ምን አድርገው ነው የሚያዩን? የሰው ደብዳቤ መንካት እኮ ወንጀል ነው!»

ኖሊን በዕድሜዋ ብዙ ጅል አይታለች፤ እንዲህ ሕግ አክባሪ ሌባ ግን አልገጠማትም። አንዱን ሳጥን አንስታ ገለበጠችው። የድምፅ መስጫ ፖስታዎች፣ እንደታሸጉ፣ እግሯ ሥር ዘነቡ። ሌላውንም ገለበጠች። ያው። ግድ የላቸውም የተባሉት ልጆች ድምፅ እዚህ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ከርሟል።

«ተነስ! ቤቱን ቀስቅስ! እያንዳንዱ ሳጥን ለባለቤቱ፣ አሁኑኑ!»

«እንዲህ ሆኜ?» አለ ብርድ ልብሱን እያሳየ።

«ስትሰርቅ ሱፍ ለብሰህ ነበር?»

እሷ ከማጀታቸው ድስትና ጭልፋ አነሳች፤ ለነገሩ ድስቱ ታጥቦ አያውቅም፣ መደብደቡ ጽዳት ነው። እየደበደበች በየደጁ ዞረች። ከሚቀጥለው ቤት አንድ ፀጉሩ የቆመ ልጅ ብቅ አለ። «እኔ አልመርጥም፣ ፖለቲከኛ ሁሉ አንድ ነው።»

«ደረጃው ሲዘጋ ቢራህን በየት ታወጣዋለህ? በክንፍህ?»

ልጁ ከእንቅልፉ ነቃ። «ደረጃው ሊዘጋ ነው እንዴ?»

ወሬው ከተቃጠለ ሶፋ ፈጥኖ ተዛመተ። ብራየር ከላይ እየሮጠች መጣችና «ምልክት አይደለም፣ ቁጥር! የምትመርጡት ስም አጠገብ ቁጥር አንድ ጻፉ!» እያለች በየመስኮቱ ጮኸች። ላኪ ደፍ ላይ ተቀምጦ እስክሪብቶውን ያኝካል።

«አባቴ ለኔቪል ስጥ ብሎኛል።»

«ስጣ። ድምፁ ያንተ ነው» አለች ኖሊን። «አባትህ ግን ይቺን ዳገት ወጥቷት ያውቃል?»

ላኪ ቀና ብሎ ዳገቱን አየ። ወረቀቱን በእጁ ከልሎ ጻፈ።

«ወይዘሮ ኖሊን፣ መቼም ወደ ታች መሄድዎ አይቀር፣ የእኛንም ይውሰዱልን» አለ አንዱ እያዛጋ።

«ድምፅህን በገዛ እግርህ! እኔ ፖስተኛህ ነኝ?»

ወረዱ። በብርድ ልብስ፣ በፒጃማ፣ አንዷ በአንድ እግር ጫማ። ላኪ የአሌክን ጀልባ ታቅፎ ከኖሊን ጎን ይወርድ ነበር፤ የላላው ደረጃ ላይ ሲደርሱ ሳትጠይቀው ክንዱን ሰጣት። ያዘችው፤ አመሰግናለሁ ግን አላለችም። ሌባ ነው።

የምርጫው ክፍል ጋ ሲደርሱ ቀትር ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ኖሊን የጀልባዋን ክዳን ከፍታ የራሷን ፖስታ አወጣች። ግማሹ የለም። ቀንድ አውጣ በልቶታል፤ ከእጩዎቹ ፎቶ ኔቪልን ሙሉውን፣ ሲናን ደግሞ እስከ አንገቷ። ያቺው ድምጸ ማር ከባንኮኒው ጀርባ ቆማለች፤ ገና አፏን ስትከፍት ታወቀች።

«ምን ልርዳዎት፣ የኔ እናት?»

ኖሊን ጀልባዋን ከነጭስ ማውጫው ባንኮኒው ላይ አስቀመጠችው። ሁለት ቀንድ አውጣዎች ቀስ ብለው ወጥተው በልጅቷ ወረቀቶች ላይ ጉዞ ጀመሩ።

«ይኸው ረሳሽው ያልሽኝ ሳጥን። ሰው ይዘሽ ነይም ብለሽኝ ነበር።» ዞር ብላ በአገጯ ከኋላዋ በሩን አልፎ እስከ ጎዳናው የተዘረጋውን የብርድ ልብስ ሰልፍ አሳየቻት። «ይዤ መጣሁ። አሁን ወረቀቴን።»

ልጅቷ እስከ ጆሮዋ ቀላች። ምትኩን ወረቀት ስትሰጣት «ይኸው፣ ወይዘሮ ማክስኪሚንግ» አለች። ኖሊን ቁጥሯን ጽፋ ኮሮጆው ውስጥ ከተተች። ተማሪዎቹም እየተጋፉ ተከተሉ። ኮሮጆው ሲዘጋ ከውጭ የቀረ አልነበረም።

አመሻሹ ላይ በሯ ተንኳኳ። ብራየር ናት፤ ከመንገዱ ቤቶች ሁሉ መጀመሪያ የመጣችው እዚህ ነው። እያለቀሰች ትስቃለች።

«አሸነፈች! ለጥቂት! የእኛ መንገድ ባይኖር ወድቃ ነበር። ሲና ራሷ መስመር ላይ ናት፣ ልታመሰግንዎት ፈልጋ ነው።»

ከደጅ የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። ላኪ ሱሪ ለብሶ ጀልባዋን መልሶ እየቸነከረ ነው፤ ኖሊን በመስኮት «ወደ ቀኝ! አሌክ አጣሞ አያውቅም!» አለችውና ስልኩን ተቀበለች።

«ሲና፣ ምስጋናሽን ለልጆቹ ስጪ። ለእኔ ብረት ስጪኝ። መደገፊያው በግራ በኩል ይሁን፤ ስወርድ ቀኝ እጄ ዘንቢል ይይዛል። ሰኞ ጠዋት ወተት ልገዛ ስወጣ ብረት ሠሪ ደረጃው ላይ ቆሞ ላግኝ። ካላገኘሁ ለእነዚህ ልጆች የፖስታ ሳጥንሽ ያለበትን ቤት አሳያቸዋለሁ።»