መነጽር ሠሪውና የሚርገበገበው ኮከብ

እስቲ ወዲህ ጠጋ በሉ ልጆቼ፣ ቦታው ይበቃናል። የአንድ መነጽር ሠሪ ነገር ላጫውታችሁ።

ሰውየው አርባ ዓመት ሙሉ የመነጽር መስታወት ሞርዷል። ሞርዶ ሲጨርስ መስታወቱን በጣቶቹ ጫፍ ይዞ፣ ቀስ እያደረገ እያንቀሳቀሰ፣ ማዶ ያለውን የመንገድ መብራት ያይበታል። መብራቱ ከረጋ ሥራው ደህና ነው፤ ከተርገበገበ መስታወቱ ወደ ቅርጫት ነው። ለእሱ ብርሃን ከተንቀጠቀጠ ጥፋቱ ወይ የመስታወቱ ነው ወይ የዐይን። ሌላ ተጠርጣሪ አያውቅም።

ሚስቱ በሞተች በወሩ፣ አንድ ምሽት ቤት አላስቀምጥ ቢለው ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ቀና አለ። ዕድሜውን አንገቱን ደፍቶ የኖረ ሰው፣ ሰማዩን ልብ ብሎ ሲያይ የመጀመሪያው ነበር። ኮከቦቹ ይርገበገባሉ። በእጁ ደግሞ መስታወት የለም።

"እንግዲያ ዐይኔ ነዋ" አለ በሆዱ።

በማግስቱ አብሮት ለሚሠራው ልጁ ነገረው። "ኮከቡ ሁሉ ይንቀጠቀጥብኛል።"

ልጁ ማሽኑን አቆመ። "አባዬ፣ በዚህ ዐይን የሰው ዐይን ልታበላሽ ነው? በቃህ፣ እረፍ።"

አባት ለሥራው የሚሳሳ ነበርና የሱቁን ቁልፍ አውጥቶ ሰጠው።

ወራት አለፉ። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ጎረቤቱ ደጃፉ ላይ ተክዞ አገኘችው።

"ጋሼ፣ ከሥራ ጋር ተጣሉ እንዴ?"

"ዐይኔ ከዳኝ እትዬ። ኮከብ ይንቀጠቀጥብኛል።"

"ለእርስዎ ብቻ መሰለዎት? ለአገር ምድሩ ነው እንጂ። ብርሃኑ ወደኛ ሲወርድ በሞቃትና በቀዝቃዛ አየር መሀል ያልፋል። አየሩ እንደ እኔ ወሬ አርፎ አይቀመጥም፤ ወዲያና ወዲህ ያጣምመዋል። ከሚነድ ምድጃ በላይ ግድግዳው ሲወዛወዝ አይተው አያውቁም?"

ሰውየው ዐይኑን ሊፈትን ቤት ገብቶ መርፌ አነሳ። ክሩ በአንድ ሙከራ ገባ። ከዚያ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደ።

"ኮከብ ለሁሉም ይርገበገባል አሉ። ታውቅ ነበር?"

ልጁ ቀና አላለም። "ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። አባዬ፣ አንተ እያለህ ማን እኔን እንደ ሰው ይቆጥረኛል? የገባው ሁሉ 'አባትህን ጥራልን' ነው።"

አባት አፉን ሳይከፍት አንዲት የቆየች ደንበኛ ገባች። "ውይ ጋሼ፣ ሰፈሩ ሁሉ አዝኖልዎታል። ፈጣሪ ዐይንዎን ይማርልዎ" አለችና እሱን አልፋ መነጽሯን ለልጁ ሰጠች።

"አሜን" አለ ሰውየው። የልጁን ነውር በሰው ፊት አላወጣም፤ ዐይኑ ከዳው የተባለ መነጽር ሠሪም ዳግም ሥራ አላገኘም።

እናንተም ልጆቼ፣ ኮከብ ሲርገበገብ አየሩ መሆኑን አትርሱ። የማያውቅ ሽማግሌ 'ኮከብ ይንቀጠቀጥብኛል' ቢላችሁ ደግሞ፣ እባካችሁ፣ እውነቱን ንገሩት።