ወረቀቱ ከመሣሪያው አይለይ

1.

«…ሟች እጁን ወደ ____________ በሰደደ ጊዜ ኮንስታብል አይሸሽም አንድ ጥይት ተኮሰ።»

ባዶው ቦታ የማተሚያ ቤት ስህተት አይደለም። መርማሪው ኢንስፔክተር ሙላት መጀመሪያ «ሽጉጡ» ብሎ ጽፎበት ነበር፤ የሟች ባለቤት ወይዘሮ ስንቅነሽ አልፈርምም አለች። ሰርዞ «ወረቀቱ» ሊል ሲል ደግሞ እሷው ራሷ ቆይ ብላ እጁን ያዘችው። መርማሪው ታከተው። ገጹን እንደ አዲስ ገልብጦ ያቺን ቦታ ክፍት ተዋት። ያዩት እርስዎ ነዎት፤ ሐሙስ ይምጡና በገዛ እጅዎ ይሙሉት አላት።

«ሽጉጡ» ከተባለ ወጣቱ ፖሊስ ከእስር ይወጣል፤ ሟቹ አቶ ይርዳው ግን በመዝገብ ላይ ፖሊስ ሊገድል ሲል የተገደለ ሰው ሆኖ ይቀራል። «ወረቀቱ» ከተባለ ይርዳው እንደኖረው ይቀራል፤ ወጣቱ ነፍስ በማጥፋት ይከሰሳል።

አንዲት ቃል ናት። ይህን ሁሉ የምጽፈው ለእሷ ብዬ ነው። በቁጥር የቆራረጥኩት ለማማር አይደለም፤ ስንቅነሽ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተናግራው ስለማታውቅ ነው። አንድ ቁራጭ ትናገራለች፣ ዝም ትላለች፣ ከሌላ ቦታ ትጀምራለች። እኔም እንዳገኘሁት ደረደርኩት።

2. ስለ ሰውዬው

ይርዳው የወፍጮ ቤት ባለቤት ነበር፤ ስድሳ አንድ ዓመቱ። ዕድሜ ልኩን ከሞተር ጋር ሲፎካከር ስለኖረ ቤት ውስጥም ጮክ ብሎ ነው የሚያወራው። ጎረቤት የተጣሉ እየመሰለው ስንት ጊዜ ሊገላግል መጥቷል።

ሕግ ማክበሩ ያስቅ ነበር። ከላምና ከአህያ በቀር ማንም በሌለበት መንገድ ላይ ሲታጠፍ ፍሬቻ ያበራል። አንድ ቀን ስንቅነሽ፣ ለማን ነው የምታሳየው፣ ለላሞቹ ነው ወይ አለችው።

«ለሕጉ» አላት።

ወፍጮ ቤቱ ሁለት ጊዜ ስለተዘረፈ ፈቃድ አውጥቶ አንድ ማካሮቭ ሽጉጥ ገዛ። በስምንት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ ተኩሷል። በጅብ ላይ ነበር። ሳተው።

3. ስለ ቦርሳው

የዛሬ ሁለት ዓመት በኋላ በተገደለበት በጭቃ ወንዝ ኬላ ሲፈተሽ ሽጉጡ ወገቡ ላይ፣ የፈቃድ ወረቀቱ ደግሞ ቤት፣ በሌላኛው ኮቱ ኪስ ውስጥ ተገኘ። ሁለት ቀን ሲሚንቶ ላይ አደረ። ስንቅነሽ ወረቀቱን ይዛ ሮጣ ስትመጣ የለቀቀው ሹም በጨዋ አንደበት መከረው።

«አባቴ፣ ከእንግዲህ ወረቀቱ ከመሣሪያው አይለይ።»

ሌላ ሰው ቢሆን እሺ ብሎ፣ ወረቀቱን ኪሱ ውስጥ ከትቶ ይረሳው ነበር። ይርዳው ግን ቃል በቃል ያዘው። ስንቅነሽን ሽጉጡን ይዞ በወገብ የሚታጠቅ የሸራ ቦርሳ አሰፋት። ወረቀቱን በላስቲክ ሸፈነችው፤ ላስቲኩንም በጆንያ መስፊያ ክር ከሽጉጡ እጀታ ቀለበት ጋር በወስፌ ደርባ ሰፋችው። ሽጉጡ ሲወጣ ወረቀቱ ይከተላል፤ ወረቀቱ ሲሳብ ሽጉጡ ይመጣል።

ይርዳው ሁለቱን በየአቅጣጫው ጎትቶ ሞከረው። አልተበጠሰም። «አሁን ይለያል?» እያለ እህል ሊያስፈጭ ለመጣ ሁሉ ሲያሳይ ሰነበተ። የሚስቱ እጅ የሠራው ነገር ስለሆነም ኮርቶበት ነበር።

4. በፖሊስ ጣቢያው ኮሪደር የተለጠፈ

ማሳሰቢያ ፈቃድ ላላቸው የጦር መሣሪያ ባለቤቶች

ሀ. መሣሪያ መያዝዎን ሳይጠየቁ ይናገሩ።
ለ. የፈቃድ ወረቀትዎ ከመሣሪያው ጋር ይሁን።
ሐ. ፈቃድ ሲጠየቁ ሳይዘገዩ ያሳዩ።
መ. እጅዎን ከሚታይ ቦታ አያንሱ።

ስንቅነሽ ቃሏን ለመስጠት በተመላለሰች ቁጥር ይህን ታነበዋለች። ይርዳው ቢያየው ደስ እንደሚለው ታውቃለች። «ሐ»ንና «መ»ን ባንድ ጊዜ መፈጸም እንዴት እንደሚቻል የሚናገር መስመር ፈልጋ ወረቀቱን እስከ ግርጌው ወርዳበታለች። ግርጌው ላይ ማኅተም ብቻ ነው ያለው።

5. መመሪያ ላንተ

እስቲ አንባቢ፣ አንተ ሞክረው።

ወንበር ላይ ተቀመጥና ጋቢ ደርብ። በቀኝ ወገብህ ላይ፣ ከጋቢው ሥር፣ መዶሻ ሻጥ። መታወቂያህን በክር ከመዶሻው እጀታ ጋር እሰረው። ሁለት እጅህን ወደፊት ዘርጋ፤ መሪ የያዝክ ይመስል። አሁን ፊትህ የቆመ ሰው መታወቂያህን ይጠይቅህ።

አውጣው።

መዶሻው የት ደረሰ?

6. ወደ ኬላው

ቅዳሜ ነበር፤ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ግድም። ይርዳው ለእህቱ ልጅ ሚስት ሊጠይቅ ለሽምግልና መሄዱ ነው። ሌሎቹ ሁለት ሽማግሌዎች ከኬላው ማዶ ባለችው ከተማ ይጠብቁታል። ስንቅነሽ እግረ መንገዷን እህቷን ልትጠይቅ ከጎኑ ተቀምጣለች። ነጭ ጋቢውን ያጠበችለት እሷ ናት።

ፒካፕዋን እየነዳ ንግግሩን ይለማመዳል። «ከደጃችሁ ቆመናል። የመጣንበትን ካልሰጣችሁን አንቀመጥም።» እየደጋገመ፣ እየጮኸ። ስንቅነሽ፣ እንዲህ ከጮህክባቸው ልጅቷንም ይከለክሉሃል ብላ ሳቀችበት። አርፍደዋል፤ ያረፈዱትም ይርዳው ጎማ ነፋሁ አልነፋሁ እያለ ሲዞር ነው። ይህም እያበሳጫት ነበር። ሳቁም ብስጭቱም አብረው ነበሩ፤ ሁለቱንም ታስታውሳለች።

7. ቃል በቃል

ከስንቅነሽና ከትራፊክ ፖሊሱ ቃል አገጣጥሜ የጻፍኩት ነው። ትራፊኩ ከመኪናው ፊት ቆሟል። ኮንስታብል አይሸሽም፣ የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ክላሽ አንግቶ በሹፌሩ መስኮት በኩል ነው።

ትራፊኩ፦ እንዴት ዋሉ አባቴ። መንጃ ፈቃድ።
ይርዳው፦ እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ይኸው።
(ትራፊኩ ቀረብ ሲል ከመስኮቱ በሁለት እጁ አውጥቶ ይሰጣል፤ በአንድ እጅ መስጠት አይሆንለትም።)
ትራፊኩ፦ የፊት ግራ መብራትዎ ተሰብሯል።
ይርዳው፦ አላየሁም። ጥፋት ነው፣ ቅጣኝ።
(ትራፊኩ ይስቃል። ቅጣኝ የሚል ሹፌር ገጥሞት አያውቅም።)
ይርዳው፦ ሳትጠይቁኝ ልንገራችሁ። መሣሪያ ይዣለሁ። ፈቃድ አለው።
(ሳቁ ይቆማል። ኮንስታብሉ ክላሹን ከትከሻው ያወርዳል።*)
ትራፊኩ፦ የመሣሪያውን ፈቃድ ያሳዩን።
ኮንስታብሉ፦ እጅህን እንዳታንቀሳቅስ።

* ከዚያ ቀን አሥር ቀን ቀደም ብሎ በሌላ ኬላ ጋቢ የለበሰ ሰው አንድ ፖሊስ ገድሎ አምልጧል። አይሸሽም ሬሳውን ከተሸከሙት አንዱ ነበር።

8.









ይህ ቁጥር ባዶ ነው። እዚህ ላይ የተባለውን ስንቅነሽ እስከዚያ ሐሙስ ድረስ ለማንም አልተናገረችም።

9.

አንድ።

አንድ ጥይት ብቻ ነው። ስንቅነሽ የምታስታውሰው ድምፁን አይደለም፤ የይርዳውን መገረም ነው። ጥያቄ ሊጠይቅ አፉን የከፈተ ይመስል ነበር። ነጩ ጋቢ ከደረቱ ጀምሮ ቀላ።

ከመኪናው ያወረደው ራሱ አይሸሽም ነው። ክላሹን መሬት ላይ ጣለው፤ የደንብ ልብሱን አውልቆ ቁስሉ ላይ ጫነው። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ» ይላል፣ ያንኑ ደግሞ ይላል። ጋቢውን ሲገልጥ ቦርሳው ተከፍቶ አገኘው። የይርዳው ጣቶች ላስቲኩን ይዘዋል፤ ሽጉጡ በክሩ ተንጠልጥሏል። አይሸሽም ሽጉጡን አየ፣ ወረቀቱን አየ፣ ክሩን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ ስንቅነሽን አያት።

ያንን ፊት ልትጠላው ፈለገች። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሞከረች። አንዳንድ ቀን ይሳካላታል።

10. ቆመው የቀሩት

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት ሦስት ሽማግሌዎች ደጇ መጥተው ቆሙ። የአይሸሽም እናት ልካቸው ነው። አንደኛውን ታውቀዋለች፤ ያን ቅዳሜ ከኬላው ማዶ ሆኖ ይርዳውን ሲጠብቅ የዋለው ሽማግሌ ነው። ወንበር አወጣችላቸው። አልተቀመጡም።

ልጁ እህል አይቀምስም፣ እናቱ ከእሱ በቀር የላትም፣ ሟቹ እንደሆነ አይመለስም አሏት። ከእሷ የሚፈልጉት አንዲት ቃል ናት። ሟቹ ሽጉጥ አላወጣም ወይ? ወጥቶ አልተገኘም ወይ? ውሸት ተናገሪ አላልንሽም አሉ።

ወንበሮቹን ወደ እነሱ ጠጋ አደረገች። ከዚያ የሚያውቃት ሽማግሌ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ።

«ከደጅሽ ቆመናል። የመጣንበትን ካልሰጠሽን አንቀመጥም።»

ቀብሩ ላይ ያልወጣው ለቅሶ ያን ጊዜ ወጣ። ሽማግሌዎቹ ልቧ የራራ መሰላቸው። እሷ ግን ሰውዬውን አልሰማችም፤ የሰማችው የይርዳውን ጩኸት ነው። እስከ ቀትር ቆሙ፤ እሺም እምቢም ሳትላቸው ወንበሮቹ ባዶ እንደሆኑ ሄዱ።

8. (እንደገና)

አሁን ልሙላው። ሐሙስ ጠዋት፣ ወደ ጣቢያው በእግሯ ስትሄድ፣ ለራሷ ተናገረችው።

ትራፊኩ አሳዩን ሲል፣ ኮንስታብሉ እንዳታንቀሳቅስ ሲል፣ ይርዳው እጆቹን መሪው ላይ እንዳደረገ ደርቆ ቀረ። ሕጉ ሁለት ሆነበት። ዞር ብሎ ስንቅነሽን አያት። ሠላሳ አራት ዓመት አብረው ሲኖሩ፣ ሕጉ ምን ይላል ብሎ እሷን ሲጠይቃት ያ የመጀመሪያው ነው።

አርፍደዋል። ተበሳጭታለች። በለሆሳስ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ ከእሱ በቀር ማንም ሳይሰማ፦

«አሳያቸው እንጂ፣ ምን ትጎለታለህ።»

እሺ አላት። ቀኝ እጁን ከመሪው አንስቶ ወደ ጋቢው ሰደደ።

«ቦርሳውን የሰፋሁት እኔ፣ አውጣ ያልኩትም እኔ፤ ይርዳው ያን ቀን ያከበረው የእኔን ሕግ ነው።» ይህን እያለች ነበር የጣቢያውን ደረጃ የወጣችው።

11. ሐሙስ

ቦርሳው በኤግዚቢትነት ጠረጴዛው ላይ ነው። ይዳሰሳል ወይ አለች፤ ኢንስፔክተር ሙላት ሽጉጡ ባዶ መሆኑን አይቶ ፈቀደላት። ክሩን በሁለት እጇ ያዘችና ሳበችው። ደግማ ሳበችው፤ እስኪቆርጣት። አልተበጠሰም።

መርማሪው ክፉ ሰው አይደለም። አስቀድሞ ሊያዘጋጃት ፈለገ። «ወረቀቱ ካሉ ዳኛው አንድ ነገር ይጠይቃል፤ እንዳታንቀሳቅስ እየተባለ ለምን አንቀሳቀሰ? እርስዎ ከጎኑ ነበሩ።»

«አንድ መስመር ጨምርልኝ» አለችው። «ከባዶው ቦታ ቀጥሎ። ያንቀሳቀሰበትን ምክንያት የምጽፍበት።»

ጨመረላት። እስክሪብቶውን ተቀብላ ፊደል በፊደል፣ ረጋ ብላ ጻፈች። ሲያነበው መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን አሸው። ይህ ማንንም አያሳስርም፣ ማንንም አያስፈታም፤ ባይጽፉትስ ምን ይቀራል አላት። አውቃለሁ አለችው። በሩ ገርበብ ብሎ ኮሪደሩ ላይ አይሸሽም በሁለት ፖሊሶች መሃል ተቀምጦ ይታያል፤ በካቴና የታሰሩ እጆቹን ጉልበቱ ላይ፣ ለሁሉም እንዲታዩ አድርጎ ዘርግቷቸዋል።

ስንቅነሽ እጆቹን አየቻቸው። ፊርማዋን አስቀድማ ፈረመች። ከዚያ እስክሪብቶውን ወደ ላይ፣ ወደ መጀመሪያው መስመር መለሰችው። ጫፉ ወረቀቱን ገና ሳይነካ ገጹ እንዲህ ይላል፦

12.

«…ሟች እጁን ወደ ____________ በሰደደ ጊዜ ኮንስታብል አይሸሽም አንድ ጥይት ተኮሰ።

ሟች እጁን ያንቀሳቀሰው፦ እኔ ሚስቱ አሳያቸው ስላልኩት ነው።

የምስክሯ ፊርማ፦ ስንቅነሽ»