የእንግዳ ብልቃጥ

ፓሽክ ደብዳቤውን በዘይት መቀበያ ጣቢያው በር ላይ በአራት ምስማር ቸነከረው። አንድ ይበቃው ነበር። ግን የጣቢያው ኃላፊ ከሆነ ወዲህ የሰው ውርደት ሲሆን እጁ ይበረታል። «የድራኔ የጦስኝ ዘይት ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል» ይላል ደብዳቤው። ከስሩ የሽኮድራ ከተማ ላቦራቶሪ ማኅተም አለ።

ድራኔ የሟች ወንድሜ ሚስት ናት። ጦስኝን ከገደል ነቅላ እርሻ ላይ የተከለች የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ስትሆን፣ ያኔ መንደሩ በሙሉ ስቆባታል። እኔም ስቄያለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ? «ድንጋይ ላይ የኖረ ነገር ፍራሽ ሲያነጥፉለት ይሞታል» ብያታለሁ። አልሞተም። በሦስተኛው ዓመት አሥራ አንድ ቤት እሷን ተከትሎ ተከለ። እስከ ዓምና ቅጠሉን አድርቀን ነበር የምንሸጠው፤ ዘንድሮ ዘይቱን እንሽጥ ያለችውም እሷ ናት፣ ቀድማ ያስመረመረችውም እሷ። ደብዳቤው የተቸነከረ ዕለት ግን የአሥራ አንዱ ቤት ሴቶች ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ፊታቸውን አዞሩባት። በእኛ ተራራ አጭበርባሪን እንዴት አደርህ የሚል የለም።

እኔ ሉላሽ እባላለሁ። ዘይቱን የምናወጣበት የመዳብ ጋን የእኔ ነው፣ የተተከለው በድራኔ ግቢ ነው፣ እሳቱን ለማንም አላስነካም። ስለዚህ ያ ወረቀት እሷን ሌባ ሲል እኔን ወይ ዕውር ወይ ግብረ አበር ማለቱ ነው። ደሜ ፈላ። ፓሽክን ጢሙን ይዤ ልጎትተው ተነስቼ ነበር።

«ተቀመጥ» አለችኝ ድራኔ። «የፓሽክ ጢም ምን ያውቃል? የጻፈውን ሰው ነው የምፈልገው።»

ሽኮድራ ወረድን። የጻፈችው ቫልቦና የምትባል ነጭ ጋዋን የለበሰች ልጅ ሆና አገኘናት። ትሑት ናት፤ ወንበር ሰጠችን። ከዚያ ጥርስ ጥርስ የመሰለ መስመር የተሣለበት ወረቀት አወጣች።

«እማማ፣ በደህና የጦስኝ ዘይት ውስጥ ሎሚ ሎሚ፣ ጥድ ጥድ የሚሸቱ ቀላል ነገሮች አሉ። በእርስዎ ዘይት ውስጥ የሉም ማለት ይቻላል። ቲሞሉ ደግሞ ከልክ በላይ ነው።»

«ቲሞል ማን ነው?»

«ምላስ የሚያቃጥለው። ፋብሪካ ይሠራዋል፤ ሰው ገዝቶ ይጨምራል። ወይም ደግሞ…» አንገቷን ደፋች፤ «እርሻ ላይ የበቀለ ጦስኝ እንደ ተራራው አይሆንም ይሆናል።»

ድራኔ ተነሳች። «እንግዲያው ተራራውን ራሱን አመጣልሻለሁ።»

አመጣችም። በሃምሳ ስምንት ዓመቷ ወገቧን በገመድ አስራ ፍየል እንኳ የማይደፍረው ገደል ላይ ወጣች። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ከላይ ሆና ግን «አጥብቀህ ያዝ፣ አንተ ሰነፍ!» እያለች ታዛለች። ማንም ያልተከለውን፣ እግዜር ብቻ የዘራውን ጦስኝ አጭዳ ወረደች። ዘይቱን አወጣሁ፣ የጠርሙሱን አፍ በሰም አሸግን፣ ይዘን ወረድን።

ቫልቦና መረመረች። ደግማ መረመረች። መስመሩ አንድ ዓይነት ነው፤ ቀላሎቹ የሉም፣ ቲሞሉ ከልክ በላይ።

«እንግዲህ ተራራውም ከፋብሪካ ቲሞል ገዝቶ ይጨምራል በይኛ!» አለች ድራኔ።

ልጅቷ ሳቋ መጣ፣ ግን ዋጠችው። «ስታወጡ ልይ» አለች።

«ነይ። በራችን መዝጊያ የለውም።»

ሐሙስ ጠዋት መጣች። ጋኑን ሞላን፣ ክዳኑን በሊጥ ለሰንን፣ እሳት ለኮስኩ። ቱቦው ማንጠባጠብ ሲጀምር እንደ ወትሮው ትንሹን ብልቃጥ ደቀንኩ፤ እስኪሞላ ጠብቄ ትልቁን ዕቃ ተካሁ። ድራኔ ብልቃጡን በሽርጧ ጠረገችና ቀኝ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለቫልቦና ሰጠቻት።

«ምንድን ነው?» አለች ልጅቷ።

«የእንግዳ ነው። ቀድሞ የሚወጣው የእንግዳ ነው። እንግዳ ከሌለ መደርደሪያ ላይ ይጠብቀዋል።»

«ሁልጊዜ?»

«እንግዳ አንዳንዴ ነው እንዴ የሚከበረው?»

ቫልቦና ብልቃጡን አሸተተች። እንደገና አሸተተች። ከዚያ ማገዶው ላይ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

«ሎሚው! ጥዱ! ያ ሁሉ የጠፋብኝ እዚህ ነው ያለው! ቀላሉ እኮ እሳት ሲነካው ሮጦ ነው የሚወጣው፤ ቲሞል ከባድ ነው፣ ኋላ እየተጎተተ ይመጣል። ሯጮቹን ለእንግዳ ሰጥታችሁ የቀሩትን ነው የላካችሁልኝ። ምነው አልነገራችሁኝም?»

«የጠየቅሽን ስለ ዘይታችን ነው» አለች ድራኔ። «ይህ መች የእኛ ሆነና?»

እኔ አፈርኩ። ለሽያጭ ባይሆንም አርባ ዓመት ዘይት ሳወጣ የማወጣውን አላውቅም ነበር። አባቴም እንዲሁ ያደርግ ነበር፣ የእሱም አባት፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ልጅቷ ብልቃጡን ወደ ትልቁ ዕቃ ልትገለብጥ ስትል ድራኔ ክንዷን ያዘቻት።

«የተሰጠ አይመለስም።»

«እማማ፣ ስምዎን የሚያጸዳው እኮ ይህ ነው!»

«ይዘሽው ሂጂያ። ያንቺ ነው። ብትጠጪው፣ ብትደፊው፣ ብትመረምሪው እኔ ምን አገባኝ?»

ከትልቁ ዕቃም ቀድታ ይዛው ሄደች። ለየብቻ መረመረች፣ ቀላቅላ መረመረች፤ ልኩ መጣ። ዘይቱ ንጹሕ ነው የሚል ደብዳቤ ለጣቢያው ልካ ለእኛም ደወለችልን። አንድ ሳምንት አለፈ። በጣቢያው በር ላይ ያለው ግን ያው ባለ አራት ምስማሩ ደብዳቤ ነው።

በስምንተኛው ቀን ፓሽክ ራሱ መጣ። ጋኑ ተጥዷል። የአሥራ አንዱ ቤት ሴቶችም ተራቸውን እየጠበቁ የጦስኝ ነዶዋቸው ላይ ተቀምጠዋል፤ ሌላ ጋን የለማ! ለእኔ ሰላምታ ይሰጣሉ፣ ድራኔን እንደ አጥር ያልፏታል። በገዛ ግቢዋ!

ፓሽክ ከኪሱ ሁለት ወረቀት አወጣ። «ወይዘሮ ድራኔ፣ ይህ ንጹሕ ነዎት ይላል። ይህኛው ደግሞ ከእንግዲህ የመጀመሪያውን ብልቃጥ አላስቀርም ይላል። እዚህ ይፈርሙ፣ ንጹሕ የሚለውን እቸነክራለሁ። ካልፈረሙ ገዢው ጎደሎ ዘይት አይፈልግም።»

«ባዕድ ነገር አለበት የሚለውን ስትቸነክር እንዲህ በትሕትና መች መጣህ?»

«እሱ አለፈ እኮ።»

«ላንተ።»

ይህን ጊዜ ቱቦው ማንጠባጠብ ጀመረ። እውነቱን ልናገር፣ ብልቃጡን ይዤ አመነታሁ። ክረምቱ ታየኝ፣ ገዢ ያጣ ዘይት ታየኝ። ድራኔን አየኋት። በግንባሯ ወደ ቱቦው ጠቆመችኝ። ደቀንኩ።

ሞላ። ጠረገችው። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ለፓሽክ ዘረጋችለት።

«እንኳን ደህና መጣህ። ቤቴ የገባህ እንግዳዬ ነህ።»

ፓሽክ የእኛው ተራራ ልጅ ነው፤ የእንግዳን ድርሻ የገፋ ሰው የዚያ ቤት ጠላት መሆኑን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የጠባው። ከተቀበለ ደግሞ ብልቃጥ አላስቀርም የሚለው ወረቀቱ በገዛ እጁ ፈረሰ። ላቡ በጢሙ ወረደ። ወደ እኔ አየ፤ እኔ እሳቴን ቆሰቆስኩ።

ብልቃጡን በሁለት እጁ ተቀበለ። «እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«አሁን አንተ ፈርም» አለችው። «ንጹሕ ነች በሚለው ላይ፣ ‹የእንግዳው ድርሻ ወጥቷል፤ የወሰድኩት እኔ ነኝ› ብለህ ጻፍ። ገዢው ይህን አንብቦ ከፈለገ ይግዛ፣ ካልፈለገ ይተወው። ከዚያ ለእነዚህ ጮክ ብለህ አንብብላቸው። አራቱንም ምስማር ራስህ ትነቅላለህ።»

ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጻፈ፤ ቆሞ አነበበ። ድምፁ ሲሰልል «አልሰማንም!» አልኩት፤ ሰምቻለሁ፣ ግን ደግሞ መስማት አማረኝ። ደግሞ አነበበ።

ከሴቶቹ ትልቋ ከነዶዋ ላይ ተነሳች። ጉሮሮዋን ጠረገች። «ድራኔ፣ እንዴት አደርሽ?»

ድራኔ ቀና አላለችም፤ የጦስኝ ነዶዋን እያሰረች ነበር።

«ደህና ነው ያደርኩት» አለች። «ወሩን ሙሉ ደህና ነበር የማድረው፤ ጠያቂ ነው ያጣሁት።»